ሙቀት የት ይኖራል?

ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አራት ግራም ሂሊየም አለ። ይዘታቸው እኩል ነው፤ ግፊታቸው እኩል ነው፤ መጠነ ሙቀታቸውም በሁለቱም 300 ኬልቪን፣ ማለትም 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቀደም ሲል ሁለቱም አሁን ከያዙት ቦታ ግማሹን ብቻ ነበር የያዙት፤ መጠነ ሙቀታቸው ግን ያኔም ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ጋዝ አሁን ካለበት የደረሰው ፒስተኑን ቀስ በቀስ እየገፋ፣ ከከበበው የውኃ ገንዳ ሙቀት እየተቀበለ ነው። በዚህ መንገድ 1,729 ጁል ሙቀት ገብቶለታል፤ ልክ ያንኑ ያህል ሥራ ደግሞ ለፒስተኑ አስረክቧል። ሁለተኛውን ጋዝ ከባዶው ግማሽ ይለየው የነበረው ግድግዳ ድንገት ተነሣለትና ባዶውን ቦታ ሞላው፤ የገፋው ነገር የለም፤ የተቀበለው ሙቀትም የለም። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ከሁለቱ ብዙ ሙቀት ያለው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ታሪካቸውን የምናውቀው እኛስ ምን እንመልስለታለን? አንደኛው 1,729 ጁል ተቀብሏል፤ ሌላው ምንም አልቀመሰም። ሆኖም ቴርሞሜትሩም፣ የግፊት መለኪያውም፣ ሚዛኑም አይለያቸውም። በጋዞቹ ላይ የተረፈ ልዩነት ፈጽሞ የለም።

የፊዚክስ መግቢያ ትምህርት የሚወስድ ተማሪ በኒውተን ሕጎች ምዕራፍ ደኅና ሲራመድ ቆይቶ ቴርሞዳይናሚክስ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ብርሃን እንደ ሞገድ የሚጠናበት ምዕራፍ ላይ ደግሞ እንደገና ይጠፋዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚሸከመው ሒሳቡ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ምዕራፎች ያለው ሒሳብ ከቀደመው የሚከብድ አይደለም፤ መደመርና ማካፈል፣ ጥቂት ሎጋሪዝምና ሳይን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሒሳቡ በፊት፣ ጥያቄው ሲቀረጽ ነው። እስከዚያ ድረስ ተማሪው የተዋወቃቸው መጠኖች አብዛኞቹ ባለቤት ነበራቸው፤ ድንጋዩ መጠነ ቁስ አለው፣ ኳሷም በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ አለች። ቴርሞዳይናሚክስና የሞገድ ኦፕቲክስ ግን በአንድ ነገር ውስጥ የማይቀመጡ፣ በነገሮች መካከል ብቻ የሚገኙ መጠኖችን ይዘው ይመጣሉ። ሙቀት ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው፤ የሞገድ ፌዝ፣ ማለትም ሞገዱ በከፍታና በዝቅታው ዙር የደረሰበት ቦታ፣ ፍሬ የሚኖረው አንዱ ሞገድ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ነው። አእምሯችን ግን ስለ ማንኛውም ነገር «የት ነው ያለው? የማን ነው?» ማለትን ለምዷል። የእነዚህ ጽንሰ ሐሳቦች ክብደት ከዚህ ልማድ የሚመነጭ መሆኑን፣ ልማዱንም ማሸነፍ የሚቻለው የት ድረስ እውነት እንደሆነ በማወቅ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ልማዱን የሞኝ ልማድ ብሎ መናቅ አይገባም። ዘመናዊ ኬሚስትሪን ከመሠረቱት ዋነኛው አንቷን ላቮዚዬ በ1789 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ሠላሳ ሦስት ንጥረ ነገሮችን ሲዘረዝር፣ በዝርዝሩ አናት ላይ ከኦክስጅን ጋር ያስቀመጣቸው ብርሃንንና «ካሎሪክ»ን ነበር። ካሎሪክ ማለት ክብደት የሌለው፣ ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ የሚፈስ፣ የማይፈጠርና የማይጠፋ የሙቀት ፈሳሽ ነው። ይህ እምነት ማስረጃ ነበረው። ጆሴፍ ብላክ ከዚያ ቀደም ብሎ በግላስጎው፣ ትኩስና ቀዝቃዛ ነገሮች ሲቀላቀሉ አንዱ የለቀቀውን ሌላው እንደሚወስድ፣ በረዶም ሲቀልጥ መጠነ ሙቀቱ ሳይጨምር ብዙ ሙቀት እንደሚውጥ በልኬት አሳይቶ ነበር። ገቢውና ወጪው የሚተካከል ነገር ፈሳሽ ነው ቢባል ምን ያስገርማል? ዛሬም አንድ ተማሪ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ጨምሮ የመጨረሻውን መጠነ ሙቀት ሲያሰላ የሚሠራው ስሌት ካሎሪክን ያመኑ ሰዎች ይሠሩት ከነበረው አይለይም፤ መልሱም ትክክል ይወጣል። እንዲህ በማስረጃ የተደገፈ ስሕተት በአንድ ዐረፍተ ነገር ብያኔ ከአእምሮ አይነቀልም። ተማሪው ብያኔውን ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ሲያስብ ግን በፈሳሹ ያስባል።

መጀመሪያ ሙቀትና መጠነ ሙቀት ይለዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ እሳቱ ሲበረታ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም፤ ውኃው ተኖ እስኪያልቅም 2,280 ኪሎጁል ገደማ ይገባል። መጠነ ሙቀቱን ከፍ ካደረገው ሙቀት ከሰባት እጥፍ በላይ የሚሆን ሙቀት መጠነ ሙቀቱን አንዲት ዲግሪ እንኳ ሳይጨምር ገባ ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ ፒስተኑ አየሩን በቅጽበት ሲያምቀው መጠነ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይወጣና የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይነዳል። አየሩን ለዚያ ያበቃው እሳት የለም፤ የገፋው ፒስተን ነው። እንግዲህ ሙቀት ገብቶ መጠነ ሙቀት ላይጨምር ይችላል፤ ሙቀት ሳይገባም መጠነ ሙቀት ሊጨምር ይችላል። መጠነ ሙቀት የነገሩ የአሁን ሁኔታ ነው። ሙቀት ደግሞ በመጠነ ሙቀት ልዩነት ምክንያት ድንበር የሚሻገር ጉልበት ነው፤ መሻገሩ ሲያበቃ ስሙም አብሮ ያበቃል።

ካውንት ረምፈርድ በ1798 ያቀረበው ጽሑፍ የካሎሪክን እምነት ያናጋው በዚሁ በኩል ነው። በሙኒክ የጦር መሣሪያ ማምረቻ ውስጥ መድፍ በደነዘ መሰርሰሪያ ሲቦረቦር፣ ፈረሶች ከሚያዞሩት መሣሪያ በቀር ምንም እሳት ሳይኖር ውኃ እስኪፈላ ድረስ ሙቀት ይወጣ ነበር። ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ የተከማቸ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ላይ ባለቀ ነበር፤ ፈረሶቹ እስከዞሩ ድረስ ግን የማለቅ ምልክት አላሳየም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ጄምስ ጁል በሚወርድ ክብደት የሚሽከረከር መቅዘፊያ ውኃ ውስጥ አስገብቶ፣ ያንኑ ያህል ሙቅ ለማድረግ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ሥራ እንደሚያስፈልግ አረጋገጠ፤ ዛሬ አንድ ካሎሪ 4.18 ጁል ገደማ ነው የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። ጉልበት ወደ አንድ ነገር የሚገባው በሁለት በር ነው፤ በሙቀት ወይም በሥራ። በባንክ ሒሳብ ውስጥ ያለን ገንዘብ እናስብ። ከፊሉ በሐዋላ፣ ከፊሉ በጥሬው ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከገባ በኋላ ግን ያለው ብር ነው፤ «ከዚህ ውስጥ የሐዋላው ብር የትኛው ነው?» ብሎ ገንዘቡን መፈተሽ ከንቱ ነው። ባንኩ የገቢና የወጪ መዝገብ ይይዛል፤ ጋዙ ግን መዝገብ እንኳ የለውም። ሁለቱ ሂሊየሞች ውስጣዊ ጉልበታቸው እኩል ነው፤ በአንደኛው ላይ 1,729 ጁል በሙቀት በር ገብቶ በሥራ በር ወጥቷል። ስለዚህ «ስንት ሙቀት አለው?» ለሚለው ጥያቄ «አላውቅም» ማለት ትክክለኛ መልስ አይሆንም። እዚያ የሚታወቅ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ይህ የብያኔ ጭቅጭቅ ነው፤ ቀመሩን በትክክል የሚያሰላ ሰው ሙቀትን እንደ ፈሳሽ ቢያስብ ምን ይጎዳዋል?» ሊል ይችላል። ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ተማሪው የኤንትሮፒ ለውጥ የሚገኘው የገባው ሙቀት ለመጠነ ሙቀት ሲካፈል ነው ብሎ ተምሯል። ለመጀመሪያው ሂሊየም 1,729ን ለ300 ያካፍልና 5.76 ጁል በኬልቪን ያገኛል፤ ልክ ነው። ለሁለተኛው ዜሮን ለ300 ያካፍልና ዜሮ ያገኛል፤ ተሳስቷል። ኤንትሮፒ የሁኔታ መለኪያ ነው፤ ሁለቱ ጋዞች ከአንድ ዓይነት ሁኔታ ተነሥተው አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ስለደረሱ ለውጡ በሁለቱም 5.76 መሆን አለበት። ቀመሩ የሚሠራው ሊቀለበስ በሚችል ዝግተኛ መንገድ ለተሻገረ ሙቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድንገተኛውን መስፋፋት ለማስላት ጋዙ በእውን ያልሄደበትን ዝግተኛ መንገድ በሐሳብ መሄድ ያስፈልጋል። ሙቀትን በጋዙ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አድርጎ ለሚያስብ ሰው ይህ የማጭበርበሪያ ዘዴ ይመስለዋል። ሙቀት የመንገዱ፣ ኤንትሮፒ የመድረሻው መሆኑን ለያዘ ግን ግልጽ ነው። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት የት እንደቀረም ያኔ ይገባዋል። የቀረው ከጋዞቹ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ጋዝ ውጭ ሥራ ሠርቷል፣ ገንዳውም 5.76 ኤንትሮፒ ስላጣ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ነገሩን ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው ውጭ ያኖረው ምንም ነገር የለም፤ የጠቅላላው ኤንትሮፒ በ5.76 ጨምሯል፤ ሊገኝ ይችል የነበረው 1,729 ጁል ሥራም ላይመለስ አምልጧል። ሥዕሉን ያልያዘ ተማሪ ቀመሩን ይዞም ይህን ሊያይ አይችልም።

በላቮዚዬ ዝርዝር አናት ላይ የነበረው ሌላው ስም ብርሃን ነው፤ የእርሱም ዕጣ ከሙቀት ዕጣ ብዙ አልራቀም። ረምፈርድ በ1799 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን እንዲመሠረት ካደረጉት ዋነኛው ነበር፤ ተቋሙ በ1801 መምህር አድርጎ የቀጠረው ቶማስ ያንግ ደግሞ በዚያው ሰሞን ብርሃን ሞገድ ነው ብሎ መሟገት ጀመረ። ያንግ በመስኮት መከለያ ቀዳዳ የገባን ቀጭን የፀሐይ ጨረር በጠባብ የካርቶን ቁራጭ ጠርዝ ከፍሎ፣ ከጥላው ውስጥ ብሩህና ጨለማ ሰረዞች እንደሚታዩ፣ በአንደኛው ወገን የሚያልፈው ብርሃን ሲጋረድም ሰረዞቹ እንደሚጠፉ አሳየ። ነገሩን በሁለት ጠባብ ስንጥቆች እናስላው። እያንዳንዱ ስንጥቅ ብቻውን ሲከፈት ሸራው ላይ የሚሰጠውን ድምቀት አንድ እንበለው። ሁለቱም ሲከፈቱ ተማሪው በየቦታው ሁለት ይጠብቃል። የሚያገኘው አንድ ቦታ አራት፣ ሌላ ቦታ ዜሮ ነው። የሚደመረው የሞገዶቹ ከፍታ ስለሆነ፣ ጫፍ በጫፍ ላይ ሲያርፍ አንድና አንድ ሁለት ይሆናል፤ ድምቀት ደግሞ የከፍታ ካሬ ነውና አራት ይወጣል። ጫፍ በዝቅታ ላይ ሲያርፍ ዜሮ ነው፤ የዜሮም ካሬ ዜሮ ነው። በዚያ ጨለማ ቦታ ላይ አንደኛውን ስንጥቅ ብንዘጋ ብርሃን ቀንሰን ሳለ ቦታው ይበራል። እንደ ጥራጥሬ የሚከማች ነገር እንዲህ ሊሆን አይችልም።

ተማሪው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ከጨለማው ሰረዝ ላይ ጉልበቱ የት ሄደ? በብሩሁ ላይስ ትርፉ ከየት መጣ? አራትንና ዜሮን፣ በመካከላቸው ያለውንም ሁሉ ይዘን አማካዩን ስናወጣ ሁለት ነው፤ የጠፋም የተፈጠረም የለም፤ የተለወጠው ድልድሉ ነው። ይህ መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ አሁንም ያሳስታል፤ ጉልበቱ መጀመሪያ ጨለማው ቦታ ላይ አርፎ ኋላ ወደ ብሩሁ የተዛወረ ያስመስላልና። የካሜራ ሌንስ ላይ የሚደረገው ስስ ሽፋን ነገሩን ያጠራዋል። ያልተሸፈነ መስታወት ከእያንዳንዱ ገጹ ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ገደማውን ይመልሳል። 100 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የማግኒዚየም ፍሎራይድ ሽፋን ሲደረግበት፣ ከሽፋኑ ላይኛና ታችኛ ገጽ የሚመለሱት ሞገዶች ይቃረኑና ነጸብራቁ ወደ 1 በመቶ ግድም ይወርዳል፤ በዚያው ልክ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይጨምራል። «ሁለቱ ነጸብራቆች ተጠፋፉ» ሲባል፣ ሁለት ጉልበት ያላቸው ነገሮች ኖረው ኋላ የተጋደሉ ይመስላል። ጉልበት ያለው ግን የሁለቱ ድምር የሆነው አንዱ ሞገድ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ነጣጥለን የምንጽፋቸው ለስሌት እንዲመቸን ነው። ድምሩ ከመጀመሪያው ትንሽ ከሆነ፣ ተመልሶ የጠፋ ብርሃን አልነበረም።

ድምሩን የሚወስነው ፌዝ ነው፤ ፌዝም ልክ እንደ ሙቀት ብቻውን ባለቤት የለውም። በሁለቱ ሞገዶች ፌዝ ላይ እኩል ብንጨምር ሸራው ላይ አንዲት ሰረዝ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ የሚታየው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው። የሳሙና ውኃ ስስ ሽፋን ከመበጠሱ በፊት እጅግ የሳሳው ክፍሉ ጥቁር ይሆናል፤ ኒውተን በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ ይህን መዝግቦታል። ተማሪው «ሽፋኑ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እጅግ ስለሚያንስ ከላይኛውና ከታችኛው ገጽ የሚመለሱት ሞገዶች የተጓዙት መንገድ እኩል ነው፤ ስለዚህ ተደጋግፈው ሊያበሩ ይገባል» ይላል። መንገዱ እኩል መሆኑ ልክ ነው። የዘነጋው ከአየር መጥቶ ውኃ ላይ የሚነጥረው ሞገድ እንደሚገለበጥ፣ ከውኃ መጥቶ አየር ላይ የሚነጥረው ግን እንደማይገለበጥ ነው። አንዱ ተገልብጦ ሌላው ሳይገለበጥ ሲገናኙ ድምራቸው ዜሮ ይሆናል። በ1818 ኦጉስተን ፍሬኔል የሞገድ ንድፈ ሐሳቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ውድድር ባቀረበ ጊዜም፣ ከዳኞቹ አንዱ የነበረውና በብርሃን ቅንጣትነት የሚያምነው ሲሜዮን ፖዋሶን የማይመስል መዘዝ አወጣለት፦ ንድፈ ሐሳቡ እውነት ከሆነ ክብ ጋሬጣ በሚጥለው ጥላ መሐል ላይ ብሩህ ነጥብ ሊኖር ነው። ፍራንሷ አራጎ ሞክሮ አየ፤ ነጥቡ አለ። ያን ነጥብ ያበራው ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም ጨረር የለም፤ ከክቡ ጠርዝ ሁሉ እኩል በመራቁ ከዙሪያው የሚመጣው ሁሉ እኩል እርምጃ ይዞ ይደርስበታል።

የባለቤትነት አስተሳሰብ እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ ለምን ያን ያህል ዘመን ሠራ? መልሱ የነገሩ ቁልፍ ነው። በአንድ ክፍል ሁለት አምፖሎች ሲበሩ ሰረዝ አይታይም፤ አንድና አንድ ሁለት ሆኖ ድምቀቱ ይደመራል። የሁለቱ አምፖሎች ፌዝ እርስ በርስ የተያያዘ ስላልሆነ፣ ልዩነቱም ዓይን ከሚከተለው በላይ እጅግ ፈጥኖ ስለሚለዋወጥ፣ አራቱና ዜሮው ተቀላቅለው አማካያቸው ብቻ ይታያል። በብላክ ቅልቅልም እንዲሁ ነው፤ ሥራ በሌለበት ጉልበት የሚያልፈው በአንዱ በር ብቻ ስለሆነ ገቢና ወጪው ይተካከላል፤ ሙቀትም የማይጠፋ ፈሳሽ ይመስላል። ሁለቱም በነገሮች መካከል ያለው ግንኙነት ከስሌቱ የሚወጣባቸው ልዩ ሁኔታዎች ናቸው፤ የዕለት ኑሯችን ደግሞ ከሞላ ጎደል በእነዚህ የተሞላ ነው። ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው ጽሑፍ ካሎሪክ ሳይቀነስ ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ ሲወርድ ሥራ ይሰጣል ብሎ ተነሣ፤ የማንኛውም ሙቀት ነክ ሞተር የብቃት ጣሪያ በሁለቱ መጠነ ሙቀቶች እንደሚወሰን አገኘ፤ ድምዳሜውም እስከ ዛሬ ጸንቷል። በተሳሳተ ፈሳሽ እንዴት እውነት ላይ ደረሰ? ፍጹም ሊቀለበስ በሚችል ሞተር ውስጥ ሳይቀነስ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው የሚያልፍ መጠን በእርግጥ አለ፤ ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1865 ኤንትሮፒ ብሎ የሰየመው ነው። ካርኖ የጠበቀው ንብረት በእውን ነበረ፤ የተሳሳተው በባለንብረቱ ላይ ነው።

ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ተቃውሞም አለ። «ሁሉም ግንኙነት ነው ካልክ፣ ውስጣዊ ጉልበትስ? ኤንትሮፒስ? መጠነ ሙቀትስ? እነዚህ የነገሩ አይደሉምን?» ይባላል። ናቸው፤ ክርክሬም ከእነርሱ ጋር አይጣላም። ውስጣዊ ጉልበት ለሂሊየሙ የሚሰጥ መጠን ባይሆን ኖሮ ሁለቱ ጋዞች አንድ ናቸው ማለት ራሱ ባልተቻለ ነበር። በብርሃንም ቢሆን በሸራው እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ድምር ሞገድ የዚያ ነጥብ ነው። የሚፈለገው ንብረት የለም ብሎ መደምደም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ መጠን የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ መለየት ነው። አንዳንዱ «አሁን ምን አለ?» ለሚለው ይመልሳል፤ አንዳንዱ «ምን ተሻገረ?» ለሚለው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ሁለቱ እርስ በርስ እንዴት ቆመዋል?» ለሚለው። ተማሪን የሚያደናግረው እነዚህ ሦስቱ በአንድ ምዕራፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀመር ውስጥ ጎን ለጎን መቆማቸው ነው። የቴርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያ ሕግ የውስጣዊ ጉልበት ለውጥ ከገባው ሙቀትና ከተሠራው ሥራ ልዩነት ጋር እኩል ነው ሲል፣ በእኩል ምልክቱ በአንደኛው ወገን ያለው የሁኔታ፣ በሌላኛው ወገን ያሉት የመንገድ መጠኖች ናቸው። ሕጉ ትልቅ የሆነውም በዚህ ነው፤ እያንዳንዳቸው በመንገዱ የሚወሰኑ ሁለት መጠኖች ልዩነታቸው በመንገዱ የማይወሰን ሆኖ ይገኛል። ይህን እንደ ተራ የሒሳብ መደመር አልፎ የሚሄድ ሰው የሕጉን ፍሬ ነገር ሳይቀምስ ያልፋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሃያኛው ምዕተ ዓመት ይመጣል። አልበርት አይንሽታይን በ1905 ብርሃን ጉልበቱን በተቆራረጠ መጠን እንደሚሰጥ ካሳየ፣ ብርሃን ተመልሶ ቅንጣት ሆነ፤ «የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄም ነፍስ ዘራ ሊባል ይችላል። ጄፍሪ ቴይለር በ1909 በመርፌ ጥላ ዙሪያ የሚታዩትን ሰረዞች እጅግ በደከመ ብርሃን ፎቶግራፍ አነሣ፤ ረጅሙ ሙከራ 2,000 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ወር ገደማ ወሰደ። ሰረዞቹ በደማቅ ብርሃን ከሚታዩት አልተለዩም። ዛሬ ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ መላክ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሸራው ላይ አንድ ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ሰረዞቹ ይወጣሉ። «ይህኛው ቅንጣት በየትኛው ስንጥቅ አለፈ?» የሚለው ግን አሁንም መልስ አያገኝም። ከሂሊየሙ ጋር መመሳሰሉ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም የመንገድ ጥያቄዎች ለመድረሻ የቀረቡ ናቸው። ልዩነታቸው ደግሞ ከመመሳሰላቸው የበለጠ ያስተምራል። የሂሊየሙ ታሪክ ጋዙ ላይ ባይገኝም ዓለም ውስጥ አለ፤ የተገፋው ፒስተንና የቀዘቀዘው ገንዳ ይመሰክራሉ፤ ምስክሮቹን መጠየቅም የጋዙን ሁኔታ አይለውጥም። በብርሃኑ ላይ ግን ቅንጣቱ በየት እንዳለፈ የሚመሰክር ነገር የትም ቦታ ከተገኘ ሰረዞቹ ይጠፋሉ። ሰረዝ ካለ ምስክር የለም። የቅንጣት መመለስ የባለቤትነትን ጥያቄ ከማዳን ይልቅ የሚቆምበትን ድንበር አጠበበው።

ከዚህ ለማስተማር የሚወጣ መዘዝ አለ። ፈተናዎቻችን በአብዛኛው ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ቁጥር የሚጠይቅ ፈተና ደግሞ ጥያቄው ሁልጊዜ መልስ እንዳለው በዝምታ ያስተምራል። «በዚህ ጋዝ ውስጥ ስንት ሙቀት አለ?» የሚል ጥያቄ ከነምርጫዎቹ ቢቀርብ፣ ሁሉንም ምርጫዎች ትቶ ጥያቄው ስለ ጋዙ ሳይሆን ስለ መንገዱ መቅረብ እንደነበረበት የሚጽፍ ተማሪ፣ አሥር ስሌቶችን በትክክል ከሠራው ባልንጀራው የበለጠ ገብቶታል። ይህ ግን እውነትን እንደየሰው አመለካከት የሚለዋወጥ ነገር አያደርግም። 1,729 ጁል ማንም ቢለካው 1,729 ነው፤ የሰረዞቹ ርቀትም ማን እንደሚያያቸው አይጠይቅም። በነገሮች መካከል ያለ ነገር በነገሮች ውስጥ ካለው በእውነትነት አያንስም። ሁለት ዓይነት «የለም» እንዳለ ማወቅ ግን ያስፈልጋል፦ መልሱ እያለ እኛ ያላገኘነውና፣ ጥያቄው የተላከበት አድራሻ ላይ መልስ ሊኖር የማይችልበት። የመጀመሪያውን በተሻለ መሣሪያ እንቀርፈዋለን። ሁለተኛውን የሚቀርፈው ጥያቄውን ማረም ብቻ ነው፤ የካሎሪክ ዘመን ሊቃውንትም የዘገዩት በእጃቸው ከነበረው መሣሪያ ጉድለት ይልቅ በዚህ ነበር።